«ግጥም ሳነብ ያዛጋኛል»

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ 33 ዓመቴ ነው፤ አዳማ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልቦለድ እወዳለሁ፤ ጥሩ ልቦለድ ከያዝኩ እንቅልፍ የለኝም። ግጥም ግን እምቢ አለኝ። ተማሪ ሳለሁ «የገጣሚው መልእክት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የጻፍኩት ሁሉ ኤክስ ይገባበት ነበር። ለልደቴ የቅርብ ጓደኛዬ የግጥም መድበል ሰጠችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ገጽ 12 ላይ ስደርስ አዛጋኝ፤ ምን እንዳነበብኩም አላስታውስም። ግጥም ምሽትም ወስዳኝ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ እንጂ ምኑ እንዳስጨበጨበ አልገባኝም። «እንዴት አገኘሽው?» ባለችኝ ቁጥር መዋሸት ሰልችቶኛል። ችግሩ ከእኔ ነው? ከየትስ ልጀምር?
ልቦለድ አንባቢዋ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ችግሩ ካንቺ አይደለም። አብዛኛው ከአነባበብ ነው፤ የቀረው ከምርጫ። ሁለቱም ይስተካከላሉ።

የሒሳብ ሰው ነሽና መጀመሪያ በሒሳብ እንነጋገር። 80 ግጥም ካለው መድበል አምስቱ ልብሽ ውስጥ ከቀሩ መጽሐፉ ዋጋውን መልሷል። ግጥም አዋቂ የሚባሉት ሰዎችም ቢሆኑ ከአንድ መድበል ደጋግመው የሚመለሱባቸው ግጥሞች ከዚያ እምብዛም አይበልጡም፤ ይህን ጮክ ብለው አይናገሩትም እንጂ። አንቺ እስከ ገጽ 12 ያነበብሽው ምናልባት ስምንት ግጥም ነው። ከስምንት አንድም አለመያዙ ስለ አንቺ የሚናገረው ነገር የለም። ልቦለድ ላይ እኮ ምርጫ አለሽ፤ የማይጥምሽን ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ትዘጊዋለሽ፣ ማንም «ልቦለድ አይገባትም» አይልሽም። ያንኑ መብት እዚህም ውሰጂ። ለጓደኛሽም ከእንግዲህ «ጥሩ ነው» አትበያት። «ይኼኛው አልያዘኝም፣ እዚህኛው ላይ ግን ሁለተኛው ስንኝ ይገርማል» በያት። ከውሸት ምስጋና ይልቅ እንዲህ ያለው መልስ ወሬ ያስቀጥላል።

አሁን ወደ አነባበቡ። መድበልን ከገጽ አንድ ተነሥቶ በተርታ ማንበብ ከልቦለድ የመጣ ልማድ ነው። በልቦለድ ያለፈው ምዕራፍ የሚቀጥለውን ይጎትታል። በመድበል ግን እያንዳንዱ ገጽ ሌላ ተናጋሪ፣ ሌላ ስሜት፣ ሌላ ምት ይዞ ይመጣል። ያለፈው ሳይረግብ ሌላ ሲደረብበት አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ሁሉም ይደበላለቃል፤ ማዛጋቱ የሚመጣው እዚያ ነው። ስለዚህ በአንድ መቀመጫ ከሦስት ግጥም አትለፊ። ማውጫውን ክፈቺ፤ ርእሳቸው ዓይንሽን የያዘውን ሦስት ምረጪ፤ አጭሩን አስቀድሚ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ አንዴ ለጆሮ፣ አንዴ ለነገሩ። ሦስቱም ተደምረው ሩብ ሰዓት አይፈጁም። በሁለተኛውም ንባብ ምንም ካልተሰማሽ እለፊው።

«ለጆሮ» ያልነው ለወግ አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ሰፊ» ተብሎ የተጻፈው ሰፊ መንገድ ይሁን ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ዓይን ብቻውን አያውቅም፤ አፍ ነው የሚወስነው። በስድ ንባብ ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ያግዝሻል። በግጥም ግን ቃሉ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ገጣሚው ሆን ብሎ ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል። ለዚህ መልስ ስንል የገጠምናትን ይህችን ሁለት ስንኝ ተመልከቺ፦

መቼ ትመጣለህ ብዬ ብጠይቀው፣
ገና ነው ይለኛል፤ ልቤ መች ዐወቀው።

በዝምታ ካነበብሽው «ገና ነው»ን በአንዱ ትርጉም ወስደሽ ታልፊያለሽ። ጮክ ብለሽ ስታነቢው ግን «ገና» ላይ መምረጥ ግድ ይሆንብሻል። ብታጠብቂው በዓሉ ነው፤ ሰውየው በገና እመጣለሁ ብሏል፣ ቀን ቆርጧል። ብታላይው ገና ነው፣ አልደረሰም፣ ጠብቂ ማለቱ ነው። የመጨረሻው ሐረግ «ልቤ መች ዐወቀው» ያለው ለዚህ ነው፤ ጠያቂዋ የቱን እንደነገራት አታውቅም። ነገሩ ሁሉ ያለው አንዲት ፊደል ላይ ነው፤ አፍሽ ካልከፈተው አይገኝም። ቢሮ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ ሆነሽ ጮክ ማለት ካልቻልሽ ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ፤ ያም ይበቃል። በስልክ ስክሪን ላይ በጣት እያንሸራተቱ ማንበብ ግን ለግጥም የማይሆን ነው፤ ዓይን የሚሮጠው የዜና ሩጫ ነው፣ ስንኙም ጠባብ ስክሪን ላይ ሲደርስ ለሁለት ይሰበርና ምቱ ይጠፋል።

ምት ካልን ዘንድ፣ ያቺኑ ስንኝ በጣትሽ ጠረጴዛ እየመታሽ በያት፦ መቼ ትመጣለህ፣ ብዬ ብጠይቀው። ከመሐሏ የምታርፍበት ቦታ አላት፤ ከዕረፍቱ በፊት ስድስት ምት፣ ከዕረፍቱ በኋላ ስድስት። የምትቆጥሪው ፊደል አይደለም። «ትመጣለህ» አምስት ፊደል ሆኖ አራት ምት ነው፤ የመጨረሻዋ «ህ» ከፊቷ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቃ ትባላለች። ይህ ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ይባላል፤ ከአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደው እሱ ነው። አምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን ነው። አራት በአራቱ ቡሄ በሉ ቤት ይባላል፤ ነሐሴ 13 ልጆች በየደጁ እየዞሩ ከሚሉት የመጣ ስም ነው፣ አንቺም በልጅነትሽ ብለሽው ይሆናል። ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ መሐል ላይ ማረፍ ብቻ ነው። ግጥም «አይገባኝም» የሚል ሰው ሲያነብ ብትሰሚው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ሳያርፍ እስከ ስንኙ መጨረሻ ይሮጥና መጨረሻው ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል። እንዲያ ሲነበብ የማንም ግጥም የስም ዝርዝር ይመስላል።

መጨረሻው ላይ ድርቅ ማለቱ ሌላም ጉዳት አለው። በንግግራችን ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጆሯችን እስኪመጣ ይጠብቀዋል። ገጣሚ ግን ግሱን አንሥቶ ፊት ያስቀምጠዋል፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያስጨርሰዋል። «ትናንትና ማታ መንገዱ ጠፋብኝ» የሚለው ተራ ወሬ ነው። «ጠፋብኝ መንገዱ ትናንትና ማታ» ብትዪው ልኩ ያው ስድስት በስድስት ነው፤ መጥፋቱ ግን ቀድሞ ደረሰ፣ ምን እንደጠፋና መቼ እንደሆነ የምንሰማው ከደነገጥን በኋላ ነው። አንድ አንጓ ሲጠፋብሽ የምታደርጊው ይኸው ነው፤ ግሱን ፈልጊና «ማን? ምንን?» ብለሽ ጠይቂው፣ ከዚያ በልብሽ ወደ ተራ ንግግር መልሺው። ከተመለሰ በኋላ እንደገና በገጣሚው ቅደም ተከተል አንብቢ። «ከባድ ነው» ከተባለ ግጥም ግማሹ በዚህ ብቻ ይፈታል። የማታውቂው ቃል ሲገጥምሽ በመጀመሪያው ንባብ አትቁሚ። በሁለተኛው ንባብም መንገድ ከዘጋብሽ ብቻ መዝገበ ቃላት ግለጪ፤ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለዱሮ አማርኛ ይጠቅማል። በአንድ ግጥም ከሦስት ቃል በላይ መፈለግ ካስፈለገሽ ያ ግጥም ለጊዜው ይቆይ።

«የገጣሚው መልእክት ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለፈተና አራሚ ተይለት። አንድ መስመር መልስ ለማረም ይመቻል እንጂ ሰው ግጥም የሚያነበው ለዚያ አይደለም። አንቺ ልቦለድ ስታነቢ ሳታስቢው የምትጠይቂው የተሻለ ነው፤ የሚናገረው ማነው? ለማን ነው የሚናገረው? ምን ሆኖ ነው? መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ምን ተለወጠ? ወደ ሁለቱ ስንኝ ተመለሺና ሞክሪያቸው። የምትጠብቅ ሰው፣ የሚያድበሰብስ ሰው፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ፊት ያለው መልስ። አጭር ልቦለድ ማለት ነው።

የትምህርት ቤቱ ሌላ ቅሪት ሰምና ወርቅ ፍለጋ ነው። ሁሉም ግጥም የተቀበረ ነገር ያለው ይመስለንና ቆፍረን ካላገኘን የተሸነፍን ይመስለናል። ሰምና ወርቅ የቅኔ ጥበብ ነው፤ በቅኔ ቤት ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው፣ የግእዙን ቅኔ የሰሙ ሊቃውንት ራሳቸው ካዳመጡ በኋላ ተቀምጠው ያመሠጥሩታል። ወዲያው አለመግባት እዚያ ነውር ሆኖ አያውቅም። በመጽሐፍ የታተመው ዘመናዊ የአማርኛ ግጥም ደግሞ አብዛኛው የሚለውን በግልጥ ነው የሚለው። ኅብር፣ ማለትም ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል፣ ያለበት ግጥም ራሱ ይጠቁምሻል፤ አንድ ቃል በአንዱ ትርጉም ስትወስጂው ዙሪያው ትንሽ ይጎረብጣል ወይም ከሁለት ነገር ጋር እኩል ይገጥማል። ጉርብጥ የሚል ከሌለ አትቆፍሪ።

መጥፎ ግጥምንም ማወቅ አለብሽ፤ ካላወቅሽው ስልችቱን በራስሽ ላይ ታላክኪያለሽ። በአማርኛ ቤት መምታት፣ ማለትም የስንኞችን መጨረሻ ማስማማት፣ ይቀላል። ዓረፍተ ነገሩ በግስ ስለሚያልቅ፣ ግሶቹም በተመሳሳይ ቅጥያ ስለሚያልቁ፣ «ይለኛል»፣ «ያመኛል»፣ «ይናፍቀኛል» እያሉ ገጹን መሙላት ማንም ይችላል። በማኅበራዊ ሚዲያ በፎቶ ላይ ተጽፎ የሚዞረው የፍቅር ግጥም ብዙው እንዲህ ነው። አሥረኛው ስንኝ ላይ ሳትደርሺ የሚቀጥለውን ቤት መምቻ ቀድመሽ ከገመትሽው፣ ከስንኙም ግማሹ ለቤት መምቻ ሲባል የተጠራ ከሆነ፣ ማዛጋትሽ ትክክለኛ ፍርድ ነው። ግስ ከግስ መግጠም በራሱ ጥፋት የለውም፤ የእኛም ሁለት ስንኝ ያንኑ ነው ያደረገችው። ጥያቄው ከቤት መምቻው ሌላ የሚሠራ ነገር በስንኙ ውስጥ አለ ወይ ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ልቦለድ ወዳድ ስለሆንሽ ታሪክ ከሚተርክ ግጥም ብትነሺ ይሻላል። የከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ነው፤ በሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ ለውሃው የሚዘፍን አዝማሪ አለበት፣ መንገደኛ ያገኘዋል፣ ይነጋገራሉ። በትምህርት ቤት ካነበብሽው አሁን ያለ ፈተና አንብቢው፤ ምክሩን ተይና ንግግራቸውን ስሚ። ከዚያ የመንግሥቱ ለማን «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» ፈልጊ። ኩሩው ባሻ አሜሪካ ሄደው የቀለም መድልዎ ሲገጥማቸው የሚሆነውን ይተርካል፤ ያስቃል፣ ሳቁ ግን ይቆጠቁጣል። ገጸ ባሕርይ፣ ቦታ፣ ግጭት፣ ሁሉም አለው፤ ልዩነቱ ቤት መምታቱ ብቻ ነው። እንደ እኛ ግምት ላንቺ ትክክለኛው በር ይኸኛው ነው።

ረጅም ነገር ለማንበብ ጊዜ በሌለሽ ቀን የበእውቀቱ ስዩምን አጫጭር ግጥሞች ሞክሪ። ጥቂት ስንኝ ናቸው፤ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ ያልጠበቅሽውን ይሉና ያቆማሉ። የነሱ አደጋ መቅለላቸው ነው፤ አሥሩን በተከታታይ ካነበብሽ እንደ ቀልድ ስብስብ ይሆኑብሻል። አንድ ወይም ሁለት በቂ ነው።

ዓይንሽ ሥዕል የሚወድ ከሆነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አለ። ሠዓሊ ነው፣ ጀርመን ኮሎኝ የተማረ። ግጥሞቹ ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል በ1998 ዓ.ም. ታትመዋል። ቀለምና ነገር እየቆጠረ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ፍለጋ የለበትም፣ ማየት ብቻ ነው። «ሀገሬ» የሚለውን በውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለሽ በስልክ አንብቢለት፤ ገጣሚው ራሱ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በስደት ነው ያረፈው፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ከእኛ ቀድሞ ይሰማዋል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ብዙ ሰው መጀመሪያ ይሰጣል፤ እኛ ግን ለጀማሪ አንመክርም። ታላቅነቱ አከራካሪ ሆኖ አይደለም። በስሙ «የፀጋዬ ቤት» የተባለው ልክ ስምንት በስምንት ነው የሚሄደው፤ አንዱ ስንኝ 16 ምት ነው ማለት ነው። ስድስት በስድስት የለመደ ትንፋሽ መሐል መንገድ ላይ ያልቅበታል፣ አንባቢውም «ከበደኝ» ይላል። ቃላቱም ከብዙ አቅጣጫ የተሰበሰቡ ናቸው። ከሌሎቹ ጋር አንድ ሁለት ወር ከቆየሽ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የወጣውን «እሳት ወይ አበባ» ያዢና «አይ መርካቶ»ን ቆመሽ አንብቢው፣ ቁጭ ብለሽ ሳይሆን። የሚጠራው ገበያ የምታውቂው ስለሆነ ትንፋሹን ብቻ ነው የምትለምጂው። ልክም ቤት መምቻም የማይገዛውን ግጥም፣ ለምሳሌ በ1963 ዓ.ም. ብዙ ያከራከረውን የሰሎሞን ዴሬሳን «ልጅነት»፣ ከዚያ በኋላ አምጪው፤ ልኩ ጆሮሽ ውስጥ ሳይኖር መሰበሩ አይሰማሽም።

ስለ ግጥም ምሽቱ አጭር ነገር እንበል። መድረክ ላይ የሚነበብ ግጥም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማ፤ ስለዚህ ገጣሚው የሚያስጨበጭብ ስንኝ በየመሐሉ ይተክላል። ያንን መውደድ ግዴታ አይደለም። በጃዝ የሚታጀብ ሲሆን ደግሞ ሙዚቃው ለደካማው ግጥም ምርኩዝ፣ ለጠንካራው ጩኸት ይሆንበታል፤ ቢያንስ የእኛ ጆሮ የሚለው እንዲህ ነው። የምትሄጂ ከሆነ ወደ ፊት ተቀመጪ፣ ከድምፅ ማጉያው ሳይሆን ከአንባቢው አጠገብ፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ሰምተሽ መውጣት ትችያለሽ። አንድ ግጥም ከያዘሽ የገጣሚውን ስምና ያዝሽውን አንድ ስንኝ ወዲያው ስልክሽ ላይ ጻፊ። ስንኙ ከሌለ ርእሱ ብቻውን በማግስቱ ምንም አያስታውስሽም። ከዚያ የታተመውን ፈልገሽ አንብቢው፤ ወረቀት ላይም ከቆመ ያንቺ ነው።

የወደድሻቸውን በእጅሽ ደብተር ላይ ገልብጪ። መገልበጥ የዘገየ ንባብ ነው፤ ገጣሚው የት ቃል እንደቆጠበ፣ «የእኔ» ማለት ሲችል ለልኩ ሲል «የኔ» እንዳለ፣ እጅሽ ይነግርሻል። ከሥሩ ዓመትና ቦታ ከተጻፈ እሱንም ገልብጪ። ብዙ ገጣሚዎቻችን ይጽፉታል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጻፈን የእሥርና የተስፋ ግጥም ያለ ዓመቱ ማንበብ ግማሹን መጣል ነው። ደብተሩ አሥር ግጥም ሲሞላ መለስ ብለሽ እይው፤ ተራኪ ነው የበዛው? አጭር ነው? ቁጡ ነው? የሚቀጥለውን መጽሐፍ የምትገዢው በዚያ ነው እንጂ በሰው ምክር አይደለም፣ የእኛንም ጨምሮ።

ለመግዛት አትቸኩዪ። የግጥም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ገጣሚው በራሱ ወጪ በጥቂት ቅጂ የሚያሳትመው ነው፤ ካለቀ ተመልሶ አይታተምም፣ የቆየውም ዋጋው ይወደዳል። አዲስ አበባ ስትመጪ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠይቂ፤ የሌላቸውን ከጓደኛ አምጥተው ይሰጡሻል። ከመክፈልሽ በፊት ግን እዚያው ቆመሽ ከመሐል አንዱን ገጽ ክፈቺና አንድ ግጥም ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ አንብቢ። ሻጩ ለምዶታል። ሁለተኛ ማንበብ ካሰኘሽ ግዢው። የቆዩትንና የጠፉትን መድበሎች ደግሞ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ቁጭ ብለሽ ማንበብ ትችያለሽ፤ መታወቂያ ይዘሽ ሂጂ።